የሞተሩን ዘይት ማን አየው?
በባሮ ዳር ሞተር ሳይክልን ቤት ውስጥ መንከባከብና ትርፉ

በጋምቤላ ከተማ የባሮን ድልድይ በጠዋት የሚሻገር ሰው የሞተር ሳይክል ድምፅ ሳይሰማ አያልፍም። ዓሣና ማንጎ፣ በቆሎና ጀሪካን፣ ሠራተኛና ተማሪ በሁለት ጎማ ይጓዛል። ለብዙ ነጋዴ ሞተር ሳይክል ሱቁን ከመጋዘን፣ ከተማውን ከወረዳ የሚያገናኝ የሥራ መሣሪያ እንጂ የመዝናኛ ዕቃ አይደለም። ጥቂት ገንዘብ ያጠራቀመ የከተማ ባለሀብትም አንድ ሁለት ሞተር ገዝቶ ለአሽከርካሪ በመስጠት የቀን ገቢ መቀበልን እንደ አንድ የሥራ መስክ ያየዋል።

ጥያቄው ግን እዚህ ላይ ይነሳል። ለመሆኑ የሞተሩን ዘይት የሚያየው ማን ነው? ባለቤቱ አሽከርካሪውን ያምናል፤ አሽከርካሪው መካኒኩን ያምናል፤ መካኒኩ ደግሞ የሚያውቀው ሞተሩ ጋራዥ በመጣ ዕለት ያየውን ብቻ ነው። ሦስቱም ታማኝ ሰዎች ቢሆኑ እንኳ በመሀል ዘይቱ ሊያልቅ ይችላል። ሞተሩ «ቆመ» ተብሎ ለባለቤቱ ስልክ ሲደወል ነገሩ ካለፈ በኋላ ይሆናል።

ሒሳቡ ምን ይላል?

ዘይትን ቤት ውስጥ መቀየር የሚያተርፈው ለመካኒክ የሚከፈለውን የእጅ ዋጋ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ትርፉን አሳንሶ ይገምታል። የእጅ ዋጋው ከጠቅላላው ወጪ ትንሹ ነው። ዋናው ትርፍ ያለው ባለቤቱ የንብረቱን ሁኔታ በዓይኑ አይቶ በማወቁ ላይ ነው።

ለስሌት ያህል አንድ ሞተር በቀን 80 ኪሎ ሜትር ይሠራል፣ ለባለቤቱም በቀን 500 ብር ያስገባል እንበል። አንባቢ በራሱ ቁጥር ሊተካው ይችላል። በወር 26 ቀን ከሠራ 2,080 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በአቧራና በሙቀት ለሚሠራ ሞተር ይህ አንድ የዘይት ዕድሜ ነው፤ ስለዚህ ዘይት በየወሩ ይቀየራል ማለት ነው። ለትንንሾቹ ከ100 እስከ 150 ሲሲ ሞተሮች የሚያስፈልገው ደግሞ አንድ ሊትር ገደማ ነው።

በሌላ በኩል ይኸው ሞተር በወር ሦስት ቀን ብቻ በብልሽት ቢቆም 1,500 ብር፣ በዓመት 18,000 ብር ገቢ ይቀራል። ዘይት አልቆበት ፒስተኑ ከተያዘ ደግሞ ፒስተን፣ ፋሻ፣ አንዳንዴም ቢየላና ሲሊንደር ሊገዛ ነው። ዕቃው ጋምቤላ ከሌለ ከአዲስ አበባ፣ ከመርካቶ ሶማሌ ተራ፣ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ እስኪመጣ ሞተሩ በረንዳ ላይ ይቆማል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር ማለፉ የሚታወስ ነው። መለዋወጫው በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ በመሆኑ ያለ ጊዜው የሚበላሽ እያንዳንዱ ፒስተን ከቀድሞው የበለጠ ብር ይጠይቃል። ዘይቱም ቢሆን ተወዷል። ሆኖም የአንድ ሊትር ዘይት ዋጋና የአንድ ሞተር እድሳት ዋጋ መቼም አይወዳደሩም።

የባሮ ዳር አየርና መንገድ

ጋምቤላ ከባሕር ወለል 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ሞቃት ከተማ ናት። በየካቲትና በመጋቢት ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስበት ጊዜ አለ። በዚህ ሙቀት ላይ ሁለትና ሦስት ሰው ጭኖ የሚሮጥ፣ በነፋስ ብቻ የሚቀዘቅዝ ትንሽ ሞተር ዘይቱ ቶሎ ይቀጥናል፣ ቶሎም ይጠቁራል። በበጋ አቧራው ወደ አየር ማጣሪያው ይገባል። ከግንቦት እስከ ጥቅምት ደግሞ ዝናቡ፣ በኢታንግና በጂካዎ አቅጣጫ ያለው ጥቁር አፈርና የባሮ ሙላት ካቴናውንና ፍሬኑን ይፈትናሉ።

በባሮ ዳር ንግድና ወቅት ተለያይተው አያውቁም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር ባደረጉት ውል መሠረት በወንዙ ዳር የንግድ ጣቢያ ተቋቁሞ የምዕራብ ኢትዮጵያ ቡና በእንፋሎት መርከብ ወደ ሱዳን ይጫን ነበር። መርከቡ የሚመጣው ግን ባሮ ሲሞላ ብቻ ስለነበረ፣ ወቅቱ ያመለጠው ነጋዴ ዕቃውን ይዞ የሚቀጥለውን ክረምት ይጠብቅ ነበር። ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። ያኔ መርከቡን ያመጣ የነበረው ክረምት አሁን ሞተሩን ያቆማል። ከክረምቱ በፊት ያልተዘጋጀ ባለሞተር ገቢው የሚቋረጠው በዚሁ ወቅት ነው።

በቤት ምን ይሠራል?

የሚያስፈልገው መሣሪያ ብዙ አይደለም። ለሞተሩ የሚሆኑ መፍቻዎች፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ የካንዴላ መፍቻ፣ የጎማ አየር መለኪያ፣ ሳፋ፣ ማጥለያና ጨርቅ ይበቃሉ። ከሞተሩ ጋር የተሰጠው የአጠቃቀም መጽሐፍ ከሁሉም በላይ ነው፤ መጠኖቹ እንደየሞተሩ ዓይነት ስለሚለያዩ የመጨረሻው ቃል የእርሱ ነው።

ዘይት፦ በየቀኑ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ፣ ደልዳላ ቦታ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ መጠኑ ይታያል። ሲቀየር ሞተሩ ለሦስት ደቂቃ ያህል ሞቅ እንዲል ተደርጎ ይጠፋል፤ ከሥር ያለው ቡሎን ተፈትቶ ዘይቱ ሳፋው ላይ እስኪጨርስ አሥር ደቂቃ ይጠበቃል። ሲታሰር ሮንዴላው መኖሩ ይረጋገጣል። የሞተሩ ቤት አሉሚኒየም በመሆኑ ቡሎኑን በጉልበት ማጥበቅ ጥርሱን ይበላዋል። አዲሱ ዘይት ከተሞላ በኋላ ሞተሩ ለአንድ ሁለት ደቂቃ ይሠራል፤ ከጠፋና ጥቂት ከቆየ በኋላ መጠኑ እንደገና ይታያል።

በዘይት ምርጫ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት የመኪና ዘይት በመጨመር ነው። በአብዛኞቹ ሞተር ሳይክሎች ሞተሩም፣ ማርሹም፣ ፍሪሲዮኑም የሚታጠቡት በአንድ ዘይት ነው። ለመኪና ተብለው ከተሠሩት ዘይቶች አንዳንዶቹ ፍሪሲዮኑን ያንሸራትቱታል፤ ሞተሩ ይጮሃል እንጂ አይሄድም። ስለዚህ በጣሳው ላይ «ጃሶ ኤም ኤ» የሚለው የሞተር ሳይክል ምልክት ይፈለጋል። ለሞቃት አገር የተለመደው ውፍረት «20 ደብልዩ 50» የሚባለው ነው። የጣሳው ክዳን አለመከፈቱንም ማየት ተገቢ ነው።

የአየር ማጣሪያ፦ ስፖንጅ ከሆነ በነጭ ጋዝ ይታጠባል፤ ሳይጠመዘዝ ተጨምቆ ይደርቅና ትንሽ ዘይት ይቀባል። ወረቀት ከሆነ ግን አይታጠብም፤ አቧራው ይራገፋል፣ ሲብስም ይቀየራል። ማጣሪያውን አውጥቶ መንዳት ሞተሩን አሸዋ ማብላት ነው። ፋሻና ሲሊንደር ሳይታሰብ የሚበላው ብዙውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ካቴና፦ በበጋ በየሳምንቱ፣ በክረምት ከጭቃ መንገድ በተመለሰ ቁጥር በነጭ ጋዝና በብሩሽ ተጠርጎ የማርሽ ዘይት ይቀባል። በዚህ ጊዜ ሞተሩ ጠፍቶ ጎማው በእጅ ይሽከረከራል፤ ሞተር እየሠራ ካቴና የነካ ሰው ጣቱን ሊያጣ ይችላል። ካቴናው መሀሉ ላይ በጣት ሲገፋ ወደ ላይና ወደ ታች የሚጫወተው ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል መሆን አለበት። ከመጠን በላይ የጠበቀ ካቴና ኩሽኔታ ይሰብራል፤ የላላው ደግሞ በጉዞ ላይ ይወልቃል።

ፍሬንና ጎማ፦ የፍሬኑ ሸራ ማለቁን የሚያሳየው ምልክት በፍሬኑ ክንድ ላይ ይገኛል። ምልክቱ መጨረሻው ላይ ከደረሰ ካቦውን ማጥበቅ መፍትሔ አይደለም፤ ሸራው ይቀየራል። የጎማ አየር ጎማው ሳይሞቅ፣ ጠዋት ይለካል። አየር ያነሰው ጎማ ነዳጅ ይበላል፣ ከመነዳሪውንም ያስቆርጣል።

ካንዴላ፦ ጫፉ ቡናማ ከሆነ ሞተሩ በደህና እየነደደ ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት የቤንዚን መብዛትን ወይም የአየር ማጣሪያ መዘጋትን፣ እርጥብ ዘይት ደግሞ የፋሻን ወይም የቫልቭን መድከም ያመለክታል። አንድ ካንዴላ ማየት ጋራዥ ሳይኬድ የሞተሩን ውስጥ እንደማየት ነው።

ውሃ የገባበት ሞተር፦ ጎርፍ ሲሻገር የጠፋ ሞተርን በፔዳል ደጋግሞ መምታት ትልቅ ስህተት ነው። ውሃ እንደ አየር ስለማይታመቅ ቢየላውን ሊጎዳው ይችላል። ካንዴላው ወጥቶ ሞተሩ በቀስታ ይመታና ውሃው ይተፋል፤ ማጣሪያው ይደርቃል። ዘይቱ ወተት የገባበት ሻይ ከመሰለ ውሃ ገብቶበታልና ሳይቀየር መነሳት የለበትም።

ይህ ሁሉ ሲሠራ ቤንዚን ካለበት አጠገብ የከሰል ምድጃ መኖር የለበትም። ቡና የሚፈላው በዚያው በረንዳ ላይ ከሆነ ወይ ቡናው ይቆያል ወይ ሥራው ይቆያል። የተቃጠለውም ዘይት በጀሪካን ይጠራቀማል እንጂ ባሮ ውስጥ አይደፋም፤ ከወንዙ የሚጠጣም የሚያሰግርም ሕዝብ አለ።

ለጋራዥ የሚተወው

ሁሉን ቤት ውስጥ እሠራለሁ ማለትም ሌላ ኪሳራ ነው። የቫልቭ ልክ፣ የካርቡሬተር ውስጥ ሥራ፣ ሞተር ማውረድና የመሪ ኩሽኔታ መቀየር ልዩ መሣሪያና ልምድ ስለሚፈልጉ የመካኒክ ድርሻ ናቸው። ልዩነቱ ባለቤቱ ጋራዥ ሲሄድ «ምን ሆነ?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ «ካንዴላው ዘይት ያበላሻል፣ ፋሻውን እዩልኝ» ብሎ መግባቱ ነው። እንዲህ ያለ ደንበኛ ያልተሠራ ሥራ አይከፍልም፤ ጥሩ መካኒክም እንዲህ ያለውን ደንበኛ ይወዳል።

አሽከርካሪውስ?

የቀን ገቢ አስረክቦ የተረፈውን የሚወስድ አሽከርካሪ ጥቅሙ ያለው በዛሬው ኪሎ ሜትር ላይ ነው፤ የባለቤቱ ጥቅም ደግሞ ከሦስት ዓመት በኋላ በሚቀረው ሞተር ላይ ነው። ይህ የጥቅም ልዩነት ሰውየውን በመውቀስ አይፈታም። አሽከርካሪው ከዕለት ገቢው ዘይት እንዲገዛ ከተባለ መግዣው ቀን አንድ ሁለት ጊዜ መገፋቱ አይቀርም። ዘይቱን ባለቤቱ ቢገዛ፣ በወር አንድ ግማሽ ቀን ገቢ የማይጠየቅበት ሆኖ ሁለቱ አንድ ላይ ቢሠሩ ግን ሒሳቡ ለሁለቱም ይቀናል። በምሳሌያችን የግማሽ ቀኑ ዋጋ 250 ብር ነው፤ በወር ሦስት ቀን መቆም ከሚያስቀረው 1,500 ብር ስድስት እጥፍ ያንሳል።

ትንሿ ደብተር

ከመፍቻው ባልተናነሰ የሚጠቅመው ደብተር ነው። ቀኑ፣ ኪሎ ሜትሩ፣ የተቀየረውና በመሀል የተጨመረው ዘይት ይጻፍበታል። በመሀል ምንም ጭማሪ የማይጠይቅ የነበረ ሞተር ሩብ ሊትር፣ ቀጥሎም ግማሽ ሊትር መጠየቅ ከጀመረ ዘይቱ ወይ ይፈሳል ወይ ይቃጠላል። ሞተሩ ከውጭ ደረቅ ሆኖ ከጭስ ማውጫው ሰማያዊ ጭስ ከታየ ፋሻው ወይም ቫልቩ ደክሟል። ባለሀብቱ ያን ጊዜ ለማሳደስ ወይም ለመሸጥ የሚወስነው ራሱ በመረጠው ሳምንት ነው፤ መንገድ ላይ ከቆመ በኋላ ግን ዋጋውን የሚቆርጡት ሌሎች ናቸው።

ያገለገለ ሞተር ለሚገዛም፣ ለሚያገናኝ ደላላም ይኸው ዕውቀት ይሠራል። ሻጩ ቀድሞ አሙቆ የሚያቀርበውን ሞተር ከማየት ይልቅ ጠዋት ሳይነሳ ደርሶ ዘይቱን፣ ካንዴላውንና የመጀመሪያውን ጭስ ማየት ነው። ደብተር ያለው ሞተርና የሌለው ሞተር በቀለም ቢመሳሰሉም በዋጋ እኩል ሊሆኑ አይገባም።

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ተረት ስለ ሞተር የተነገረ ባይሆንም በባሮ ዳር በደንብ ይሠራል። የወሩ አንድ ሊትር ዘይት ቅጠሉ ነው። ሞተሩ ላይ ያለው ገንዘብ የባለቤቱ ነውና ቀድሞ ማየት ያለበትም እርሱ ነው።