በአቧራ መጋረጃ ውስጥ የሚወለዱ ከዋክብት

በታኅሣሥ ወር፣ ሰማዩ በጠራበት ምሽት ፊታችንን ወደ ምሥራቅ ብናዞር በአንድ መስመር የተደረደሩ ሦስት ደማቅ ከዋክብትን እናያለን። እነዚህ በመጽሐፈ ኢዮብ ስሙ የተነሣው የኦሪዮን ኅብረ ከዋክብት መቀነት ናቸው። ከመቀነቱ በስተ ቀኝ፣ በደቡብ አቅጣጫ ትንሽ እልፍ ብለን ካተኮርን ደግሞ እንደ ሌሎቹ ከዋክብት የጠራ ነጥብ ያልሆነ፣ ፈዘዝ ያለ የጉም ቁራጭ የመሰለ ነገር ይታየናል። ይህ የኦሪዮን ኔቡላ ነው። ከእኛ ያለው ርቀት 1,300 የብርሃን ዓመት ገደማ ሲሆን፣ በዚህ ሰፊ የጋዝና የአቧራ ደመና ውስጥ ዛሬም አዳዲስ ከዋክብት ይወለዳሉ። ይሁን እንጂ በዓይናችንም ሆነ በተራ ቴሌስኮፕ የምናየው የደመናውን ፊት ብቻ ነው። የልደቱ ሥራ የሚከናወነው ከጀርባ፣ በጨለማው ክፍል ነው። ታዲያ ጨለማውን አልፈን ማየት የምንችለው እንዴት ነው?

የአቧራው መጋረጃ

በከዋክብት መካከል ያለው ስፍራ ባዶ አይደለም። አብዛኛው ሃይድሮጅን የሆነ ጋዝ ይገኝበታል፤ ከጋዙም ጋር በክብደት አንድ በመቶ ያህል የሚሆን ጥቃቅን አቧራ ተቀላቅሏል። ጋዙ እጅግ ሲቀዘቅዝ፣ ማለትም ሙቀቱ ወደ 10 ኬልቪን ሲወርድ፣ የራሱን የስበት ኃይል ሊቋቋም የሚችልበትን ግፊት ያጣል። ያን ጊዜ ወደ ውስጥ መኮማተር ይጀምራል፤ በተኮማተረ መጠንም መሐሉ ይግላል። በመጨረሻም የማዕከሉ ሙቀት ወደ 10 ሚሊዮን ኬልቪን ሲደርስ ሃይድሮጅን ወደ ሂሊየም መለወጥ ይጀምራል። ኮከብ ተወለደ የሚባለውም በዚህ ጊዜ ነው።

ችግሩ ግን ለኮከብ ልደት የሚመቸው ቀዝቃዛና ጥቅጥቅ ያለ ስፍራ አቧራ የበዛበትም መሆኑ ነው። የአቧራው ቅንጣቶች በአብዛኛው ከአንድ ማይክሮሜትር ያንሳሉ። የሚታየው ብርሃን የሞገድ ርዝመት ደግሞ ከ0.4 እስከ 0.7 ማይክሮሜትር ነው። ሁለቱ መጠኖች ስለሚቀራረቡ ቅንጣቶቹ ብርሃኑን ይበትኑታል፤ መጥጠውም ያስቀሩታል። የሞገድ ርዝመቱ በጨመረ ቁጥር ግን መሰናክሉ እየቀነሰ ይሄዳል።

ከቀይ ባሻገር

እ.ኤ.አ. በ1800 ዊልያም ኸርሽል የተባለው የሥነ ፈለክ ሊቅ የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም ከፋፍሎ የየቀለሙን ሙቀት በቴርሞሜትር ይለካ ነበር። ከቀዩ ቀለም ውጭ፣ ምንም ብርሃን በማይታይበት ቦታ ያስቀመጠው ቴርሞሜትር ከሁሉም የበለጠ ሙቀት አሳየ። ዛሬ ኢንፍራሬድ ወይም ታህተ ቀይ ብለን የምንጠራው ጨረር በዚህ ሁኔታ ተገኘ።

ማንኛውም ሙቀት ያለው አካል ጨረር ይለቅቃል። ጨረሩ የሚበረታበትን የሞገድ ርዝመት በማይክሮሜትር ለማግኘት 2,898ን ለአካሉ ሙቀት በኬልቪን ማካፈል ይበቃል፤ ይህ የቪን ሕግ ይባላል። 5,800 ኬልቪን የምትሞቀው ፀሐይ በ0.5 ማይክሮሜትር ግድም ትበረታለች። 310 ኬልቪን የሆነው የሰው ገላ በ9.3 ማይክሮሜትር፣ 30 ኬልቪን የሆነ አቧራ ደግሞ በ100 ማይክሮሜትር አካባቢ ያበራል።

ስለዚህ ኢንፍራሬድ ሁለት ጥቅም ይሰጠናል። አጭሩ ሞገድ መጋረጃውን አልፎ ከውስጥ ያሉትን ጨቅላ ከዋክብት ያሳየናል፤ ረጅሙ ሞገድ ደግሞ የመጋረጃውን የራሱን ብርሃን ያመጣልናል። በ1960ዎቹ አጋማሽ ኤሪክ ቤክሊንና ጌሪ ኖይገባወር በካሊፎርኒያው የማውንት ዊልሰን ኦብዘርቫቶሪ ሆነው ኦሪዮንን በኢንፍራሬድ ሲመረምሩ፣ በሚታይ ብርሃን ጨርሶ ያልታየ ብሩህ አካል አገኙ። በአቧራ የተሸፈነ ወጣት ኮከብ ነበር፤ እስከ ዛሬም በሁለቱ ስም ይጠራል።

ሙቀትን ለማየት መቀዝቀዝ

ከምድር ላይ ሆኖ በኢንፍራሬድ ማየት ግን ወሰን አለው። በከባቢ አየራችን ያለው የውሃ ተንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ አብዛኛውን ጨረር ይውጣሉ። ከዚህም በላይ አየሩም ሆነ ቴሌስኮፑ ራሱ ሙቀት ስላላቸው በዚያው ሞገድ ያበራሉ። በእንዲህ ያለ ሁኔታ ሩቅ ኔቡላን መመልከት በቀትር ፀሐይ የኩራዝ መብራት እንደ መፈለግ ነው። መፍትሔው መሣሪያውን ወደ ጠፈር ማውጣትና ማቀዝቀዝ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1983 የመጠቀችው አይራስ የተባለችው ሳተላይት በፈሳሽ ሂሊየም እየቀዘቀዘች ሰማዩን ቃኘች፤ ሂሊየሙ በአሥር ወር አለቀ፤ ሥራዋም አበቃ። በ2003 የመጠቀው ስፒትዘር 85 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው መስታወት ነበረው። ሂሊየሙ እስከ 2009 አገለገለው፤ ከዚያ በኋላ በሁለት አጫጭር ሞገዶች ብቻ እየሠራ በ2020 ተሰናበተ። በታኅሣሥ 2021 የመጠቀው ጄምስ ዌብ ግን ሌላ ዘዴ ይዟል። ከምድር 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቆ፣ የቴኒስ ሜዳ የሚያህል ባለ አምስት ድርብ ጃንጥላ ፀሐይን ይከልልለታል። በጥላው ሥር ያለው 6.5 ሜትር ስፋት ያለው መስታወት ወደ 40 ኬልቪን ገደማ ይቀዘቅዛል። መስታወቱም ኢንፍራሬድን አጥርቶ እንዲያንጸባርቅ በወርቅ ተለብጧል።

መጋረጃው ሲገለጥ

ስፒትዘር በኦሪዮን የደመና ክልል ባደረገው ቆጠራ 2,300 በሚሆኑ ወጣት ከዋክብት ዙሪያ እንደ ምጣድ ጠፍጣፋ የሆኑ የአቧራ ክቦችን አገኘ። ፕላኔቶች የሚሠሩት ከእንዲህ ዓይነቱ ክብ ነው። በ2023 ደግሞ ዌብን የተጠቀሙ ተመራማሪዎች ክብደታቸው ከጁፒተር ጋር የሚቀራረብ፣ ኮከብ ሳይኖራቸው ሁለት ሁለት ሆነው የሚንሳፈፉ 40 ያህል ጥንዶች በኔቡላው ውስጥ እንዳዩ ገለጹ። ሌሎች ግን ከእነዚህ አብዛኞቹ ከኔቡላው ጀርባ ያሉ ሩቅ አካላት ሊሆኑ ይችላሉ ሲሉ ተከራከሩ። እውነት ከሆኑ፣ ኮከብ ስለሚወለድበትና ፕላኔት ስለሚሠራበት መንገድ የምናስተምረው ትምህርት መሻሻል ይኖርበታል።

ጉዳዩ የሩቅ ሰማይ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ፀሐያችንም ከ4.6 ቢሊዮን ዓመታት በፊት የተወለደችው በእንዲህ ያለ ደመና ውስጥ ነው። የምንረግጠው አለት፣ በደማችን ያለው ብረት፣ በአጥንታችን ያለው ካልሲየም ሁሉ አንድ ጊዜ በጨለማ ውስጥ የተንሳፈፈ ጋዝና አቧራ ነበር። የኦሪዮንን መጋረጃ በገለጥን ቁጥር የምናነበው የራሳችንን የልደት ታሪክ ነው፤ ገና ያልተነበቡት ገጾቹም ብዙ ናቸው።