አጥንት ቆጠራና አመፅ፦ «ፍቅር እስከ መቃብር» በቀጨኔ ሲነበብ

ፍትሕ በጎደለበት ሥርዓት ውስጥ ሁለት ሰዎች ተዋደው፣ ፍቅራቸው ራሱ እንደ አመፅ የሚቆጠርበት ልብ ወለድ በውጭው ዓለም «ዲስቶፒያ» ከሚባለው ወገን ይመደባል። የሩሲያዊው ዬቭጌኒ ዛምያቲን «እኛ» እና እንግሊዛዊው ጆርጅ ኦርዌል እ.ኤ.አ. በ1949 ያሳተመው «1984» የታወቁት ናቸው። ሁለቱም ክፉውን ሥርዓት ወደፊት አሻግረው፣ ገና ባልመጣ ዘመን ላይ ይተክሉታል። የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁ ያን ያህል መራቅ አላስፈለጋቸውም። የጎጃሟ ዲማ ጊዮርጊስ በቃቻቸው።

በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» በጥብቅ ትርጉሙ ዲስቶፒያ አይደለም፤ የሚተርከው ያለፈን እንጂ የሚመጣን አይደለም። ሥራው ግን ያው ነው። በዛብህ የቦጋለ መብራቱና የውድነሽ በጣሙ ልጅ ነው፤ በሕፃንነቱ ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን የተሳሉት የድሃ ልጅ። ሰብለ ወንጌል የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ናት። በዛብህ ወደ ፊታውራሪ ግቢ የገባው ሊያስተምራት ነው። መምህርና ተማሪ ሆነው ፊደል ላይ ያጎነበሱት ሁለቱ ወጣቶች ቀና ሲሉ ግን መካከላቸው ያለው ርቀት የባላባትና የባላገር ነው።

ርቀቱ የሚለካው በሀብት ብቻ አይደለም፤ ይህን ነጥብ ብዙ አንባቢ ያልፈዋል። ሰብለ ወንጌል ሳታገባ የቆየችው ጠያቂ ጠፍቶ ሳይሆን አባቷ በትውልድ የሚመጥናት ሰው አላገኝ ብለው ነው። ልማዱ የበታቹን ብቻ ሳይሆን የላዩንም ቤት ይዘጋል። የጋብቻ ጥያቄ ሲመጣ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ እስከ ሰባት ቤት ዘር ይቆጠራል። ቆጠራው በአንድ በኩል ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ይጠብቃል፤ በሌላ በኩል «አጥንቱ ማን ነው?» የሚለውን ይመረምራል። ፍቅር በዚህ ምርመራ ፊት ወንጀል ይሆናል። ስለዚህም በአማርኛ ልብ ወለድ የእኩልነት ጥያቄ ከግብር ሰብሳቢው ደጅ ቀድሞ በሠርግ ድንኳን በኩል ቢገባ አያስገርምም።

መጽሐፉ በቀጨኔ ሲነበብ ይህ ቆጠራ ሌላ ክብደት ያገኛል። ቀጨኔ መድኃኔዓለም ዙሪያ ከእንጦጦ ግርጌ የሰፈረው ሕዝብ ከጥንት የሚታወቀው በእጅ ሥራው ነው። ሴቶቹ ጭቃ አቡክተው ጀበና፣ ምጣድ፣ ድስትና ማሰሮ በእጃቸው ያበጃሉ፤ ሸማኔውና ብረት ሠሪውም የሰፈሩ ሰው ነው። አዲስ አበባ ቡናዋን የምታፈላበት ጀበና ከእነዚህ እጆች ሲወጣ ኖሯል። ሠሪው ግን «ጠይብ»፣ ሲከፋም «ቡዳ» እየተባለ ከጋብቻና አንዳንዴም ከማዕድ ተለይቷል። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። አዋጅ አደባባይ ላይ ስድብን ሊገታ ይችላል፤ ዘር ቆጣሪ ሽማግሌ ጓዳ ውስጥ የሚያንሾካሹከውን ግን አይደርስበትም። የአማርኛ መምህር በክፍል ውስጥ «በዛብህና ሰብለ ለምን አልተጋቡም?» ብሎ ሲጠይቅ ሌላ ሰፈር ያለ ተማሪ «ድሮ እንዲህ ነበር» ብሎ ያልፋል። እዚህ ግን መልሱን ከመጽሐፉ ሳይሆን ከቤቱ የሚያመጣ ተማሪ አይጠፋም፤ አምጥቶም ዝም የሚል አለ። መምህር ያንን ዝምታ በጥያቄ መጎርጎር የለበትም።

ሥርዓቱን በስሙ የሚጠራው የፊታውራሪ ዘመድ ካሳ ዳምጤ ነው። እውነት ስለተናገረ «ጉዱ» ተብሏል፤ ሰው እንደ እብድ እያየው፣ እየሳቀበት ይሰማዋል። ኅብረተሰቡን ከድንጋይ ካብ ጋር ማመሳሰሉ በመጽሐፉ ውስጥ ካሉት ሐሳቦች ሁሉ የጠለቀው ነው፦ ከላይ ያለው ድንጋይ ከታች ያለውን ተጭኖ ይቆማል፣ የታችኛው ሲነቃነቅ ግን የላዩም አይተርፍም። ሐዲስ ይህን የጻፉት ከሥርዓቱ ውጭ ቆመው አለመሆኑ ሊታሰብ ይገባል፤ በንጉሡ መንግሥት ሚኒስትርም አምባሳደርም ነበሩ።

የታችኛው ድንጋይ ደግሞ ይነቃነቃል። ፊታውራሪ መሸሻ ከልማድ ውጭ ግብር ሲጠይቁ ባላገሩ እምቢ ይላል፤ አበጀ በለው ይመራዋል። ፊታውራሪ ሊቀጡ ይዘምታሉ፣ ተማርከው ይቀራሉ። ትዕቢተኛው ጌታ በራሱ ገባር እጅ የወደቀበት ይህ ክፍል ያስቃል፤ ሳቁም ሆን ተብሎ የተጻፈ ነው፣ የሚፈራ ሰው አንዴ ከተሳቀበት እንደ ድሮው አይፈራምና። መጽሐፉ ከታተመ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1960 ዓ.ም.፣ የእውነተኛው ጎጃም ገበሬ በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ላይ ተነሣ። መንግሥት ጦር ላከ፤ በመጨረሻም አገረ ገዢውን ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴን አነሣ። ልብ ወለዱ አመፁን ቀሰቀሰ ማለት አይቻልም፤ ጎጃሜው ሐዲስ የአገራቸውን ሰው የልብ ትርታ አሳምረው ያውቁ ነበር ማለት ግን ይቻላል።

ወደ ዲስቶፒያ ይበልጥ የሚጠጋ ሥራ የሚፈልግ አንባቢ የአቤ ጉበኛን «አልወለድም» ያገኛል። በዚያ መጽሐፍ ገና በማኅፀን ያለ ፅንስ ግፍ ወደ ሞላበት ዓለም አልወጣም ይላል፤ መጽሐፉም ታግዷል። በ1975 ዓ.ም. የወጣው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ፍቅርን በጦርነትና በፕሮፓጋንዳ መካከል አስቀመጠ፤ ከገበያ ተሰበሰበ፣ ደራሲውም በ1976 ዓ.ም. ጠፉ። ሁለቱም ዋጋ ያስከፈሉ መጻሕፍት ናቸው። ወደ ሕዝብ ጆሮ በመግባት ግን የሐዲስን የሚያህል የለም። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ስለተረከው መጽሐፉን በዓይኑ ያላየው ሰው እንኳ በዛብህን ያውቃል። ሸክላ የምታበጅ ሴት እጇ ጭቃ ላይ ሆኖ ገጽ መግለጥ አትችልም፤ ጆሮዋ ግን ነፃ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ በክፍል ውስጥ የሚታየው ችግር አንድ ነው። ተማሪው ፍቅሩን ይዞ አመፁን ይጥላል። ሰብለ ወንጌል ወደ አዲስ አበባ ስትጓዝ በዛብህን መንገድ ላይ ቆስሎ፣ በሞት አፋፍ ላይ ማግኘቷን፣ ኋላም መመንኮሷን እንባ እየተናነቀው ይተርካል፤ አበጀ በለው ማን እንደሆነ ሲጠየቅ ይጠፋበታል። ጥፋቱ የተማሪው ብቻ አይደለም፤ በቅንጭብ የሚያስተምር መምህርም አለበት። ሁለቱ ታሪኮች ግን የተፈተሉት በአንድ እንዝርት ነው፤ ገባሩን ከልማድ በላይ ያስከፈለው እጅና የሰብለን ደጅ የዘጋው እጅ የአንድ ሰው፣ የፊታውራሪ መሸሻ ነው።

የሚያዋጣው ዘዴ ቀላል ነው። ተማሪዎች ገጸ ባሕርያቱን በደረጃ እንዲያስቀምጡ ማድረግ፦ ማን ለማን ይገብራል፣ ማን በማን ፊት ይቆማል፣ ማን ከማን ጋር ይበላል፣ ማን ማንን ማግባት አይችልም። አራቱ ዝርዝሮች ጎን ለጎን ሲቀመጡ እንደሚመሳሰሉ ተማሪው ራሱ ያየዋል። ለዚህ ሁለት ክፍለ ጊዜ ይበቃል፤ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ለአበጀ በለው ይሁን።