ቍጥር የመሰከረበት መሥዋዕት

በአሜሪካ አገር እጅግ የሚወደደውን የቤዝቦል ጨዋታ ያልተመለከተ አንባቢ ቢኖር፥ ለዛሬው ነገራችን ይህን ያህል ማወቅ ይበቃዋል። ተጫዋቹ የተወረወረለትን ኳስ በዱላ መትቶ ይሮጣል፤ አራቱን ማረፊያዎች ዞሮ ሲጨርስ ለቡድኑ አንድ ነጥብ ያስገኛል። ኳሱ ቀድሞት የደረሰበት ሯጭ ግን «ወጣ» ይባላል። ሦስት ሰው ሲወጣ ተራው ለተቃራኒው ወገን ያልፋል።

አሠልጣኞች ለብዙ ዘመን ያከበሩት አንድ ዘዴ አለ። ጓደኛው በአንደኛው ማረፊያ ቆሞ ሳለ፥ መቺው ኳሱን ሆን ብሎ በቀስታ ይነካና እርሱ ራሱ ይወጣል፤ ጓደኛው በዚያ መካከል ወደ ሁለተኛው ማረፊያ ይሻገራል። ስሙም «መሥዋዕት» ነው። ራሱን ስለ ጓደኛው የሰጠን ሰው ማን ይነቅፋል?

ጆርጅ ሊንድሲ የተባለ የካናዳ መከላከያ ተመራማሪ ግን ነገሩን በቍጥር መረመረው። በአባቱ ረዳትነት የ373 ጨዋታዎችን መዝገብ ሰብስቦ፥ ውጤቱን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1963 ዓ.ም. አሳተመ። ማንም ሳይወጣ አንድ ሯጭ በአንደኛው ማረፊያ የሚገኝበት ሁኔታ ሺህ ጊዜ ቢደጋገም፥ ተራው እስኪያልቅ በጠቅላላው 813 ነጥብ ይገኛል። አንድ ሰው ወጥቶ ሯጩ ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ግን 671 ብቻ ነው። እንግዲህ መሥዋዕቱ ቢሠምርም እንኳ ቡድኑ ከስሯል ማለት ነው፤ ካሉት ሦስት ዕድሎች አንዱን ለአንድ እርምጃ ሸጧልና።

እርግጥ ነው፥ በጨዋታው ፍጻሜ አንድ ነጥብ ብቻ ሲፈለግ፥ ወይም መቺው ደካማ ሲሆን ዘዴው ሊጠቅም ይችላል። ስሕተቱ ሳያመዛዝኑ ዘወትር መጠቀሙ ላይ ነበር።

ይሁን እንጂ ልማድ በአንድ ጽሑፍ አይሻርም። በካንሳስ የፋብሪካ የሌሊት ዘበኛ የነበረው ቢል ጄምስ ከ1977 ጀምሮ በራሱ ወጪ ባሳተማቸው መጻሕፍት ክርክሩን አሰፋው። በ2002 የኦክላንድ ቡድን በዚህ ትምህርት እየተመራ፥ ለተጫዋቾቹ ወደ 40 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ 103 ጨዋታ አሸነፈ፤ የኒውዮርኩ ያንኪስም ያን ያህል ያሸነፈው 125 ሚሊዮን ገደማ ከፍሎ ነው። ዛሬ መሥዋዕቱ ከቀድሞው በጣም አልፎ አልፎ ይታያል።

የጨዋታው መዝገብ ሊንድሲ ከመወለዱ በፊት ጀምሮ ይጻፍ ነበር፤ የጐደለው ጠያቂ ብቻ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ዓምድ ለምንሞላ፥ በየትምህርት ቤቱም ውጤት ለምንመዘግብ ሁሉ ጥያቄው ይደርሰናል፦ የጻፍነውን ቍጥር «ምን ትላለህ?» ብለን የጠየቅነው መቼ ነው?