ስሟ ከታክሲው አልለቅ አለ!

ዊንጌት ታክሲ ተራ ቆማችሁ የሚኒባሶቹን ጀርባ ብታነቡ የግማሽ መጽሐፍ ያህል ታገኛላችሁ። የመልአክ ስም አለ፤ የኳስ ቡድን ስም አለ፤ ምቀኛን የሚያናድድ አባባል አለ፤ የሴት ስምም አለ። የዛሬው ጉዳያችን ይኸው የመጨረሻው ነው።

ባለታሪኩ የ29 ዓመት ወጣት ነው፤ ሾፌርም ባለቤትም። በሚኒባሱ የኋላ በር ላይ የቀድሞ ፍቅረኛው ስም በትልልቁ ተጽፎ ነበር። ልጅቷ ቤይሩት ሰው ቤት እየሠራች ሁለት ዓመት ሙሉ ገንዘብ ልካለታለች። መኪናው የተገዛበት ቅድሚያ ክፍያ ውስጥ የእሷ ላብ አለበት። ከዚያ ነገሩ ቀዘቀዘ፣ ስልኩ ሳሳ፣ ተለያዩ። አሁን ሌላ ልጅ አጭቷል። አዲሷ እጮኛ ታዲያ ምን አለችው መሰላችሁ? «የእሷን ስም ለጥፎ በሚሄድ መኪና ሠርጌ ላይ አልሳፈርም። ወይ ስሙን አንሣው፣ ወይ እኔን እርሳኝ!»

አነሣው። ጉዱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ጽሑፉ ስቲከር ነበርና አንድ እሑድ ከረዳቱ ጋር ሆነው ልጠው ጣሉት። ስሙ ግን አለ! ሰማያዊው ቀለም በፀሐይና በዝናብ ሲነጣ ፊደሎቹ የሸፈኑት ቦታ እንደ ጥንቱ ደማቅ ሆኖ ቆይቷል። ስሟ በጠቆረ ሰማያዊ ከሩቅ ይነበባል። እጮኛዋ «አውቀህ ነው የተውከው» ብላ አኮረፈች። እሱም «ጋሼ፣ ምን ይሻለኛል?» ብሎ እኔ ዘንድ መጣ።

እንግዲህ በቅድሚያ የእጅ ሥራውን እንጨርስ። ስቲከር በብርድ ከተላጠ ይቆራረጣል። መኪናውን ፀሐይ ላይ ማቆም፣ ወይ የፀጉር ማድረቂያ ማስጠጋት፤ ሙጫው ሲለሰልስ ከጥግ ጀምሮ ቀስ ብሎ መሳብ። ምላጭ አይነካውም፤ የፕላስቲክ ካርድ ይበቃል። የቀረውን ሙጫ በቤንዚን በተነከረ ጨርቅ መጥረግ (ሲጋራችሁን አጥፍታችሁ!)፣ ወዲያው በሳሙና ማጠብ። በብሩሽ የተጻፈ ከሆነ ግን ሌላ ነው፤ ቲነር ከፊደሉ ጋር የመኪናውንም ቀለም ይዞት ይሄዳል። ጥላውን የሚያደበዝዘው ፖሊሽ ነው። የሚታሸው ደግሞ ፊደሉ ሳይሆን ዙሪያው ነው፤ የነጣው የላይኛው ቀለም ሲነሣ ሁለቱ ይቀራረባሉ። ብዙ ዓመት የቆየ ከሆነ ፖሊሽም አይበቃው፤ ቀለም ቀቢ ጋ ወስዶ በሩን ሙሉ ማስቀባት ነው።

የፈረንጅ መርከበኞች የመርከብ ስም መለወጥ ገድ የለውም ይላሉ። ስሙ በባሕር አምላክ መዝገብ ተጽፏል ባዮች ናቸው። ስለዚህ አሮጌው ስም ከመርከቡ ጀርባ፣ ከመዝገቡ፣ ከመንሳፈፊያ ጎማው ሳይቀር ካልጠፋ አዲሱን አይጽፉም፤ ለመሰናበቻም ወይን ባሕር ላይ ያፈሳሉ። እኛም በቀድሞው ባሕር ኃይላችን ዘመን ስም ለውጠናል። «ኦርካ» የተባለችውን የአሜሪካ የጦር መርከብ እ.ኤ.አ. በ1962 ተረክበን «ኢትዮጵያ» አልናት። በ1991 ወደ የመን ሸሸች፣ በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ገዷ ይሁን የዘመኑ ጣጣ፣ እንጃ!

የራሳችን ዊንጌትስ ቢሆን? በ1933 ዓ.ም. ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ከሱዳን ገብቶ ጣልያንን የተዋጋ እንግሊዛዊ መኮንን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1944 በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። ስሙ ለትምህርት ቤቱ ተሰጠ፣ ከትምህርት ቤቱ ወደ ሰፈሩ ተሻገረ፤ ይኸው ወያላው ጠዋት ማታ «ዊንጌት! ዊንጌት!» ይለዋል። ከተሳፋሪው ስንቱ የማን ስም እንደሆነ ያውቃል?

ወደ ልጁ ልመለስ። ወንድሜ፣ ያንተ ችግር የቀለም አይመስለኝም። የመኪና ባለቤት ስም የሚጻፈው ሊብሬ ላይ ነው፤ እዚያ ያለው ያንተ ብቻ ነው። የእሷ የነበረው በሩ ላይ ነበር፤ እሱንም ላጥከው። ሌላ ምን ማስረጃ አላት? «የላከችው በፍቅር ነው፣ ብድር አልተባባልንም» አልከኝ። እሺ። ግን ልጅቷ የሰው ቤት እየጠረገች የላከችው ልንጋባ ነው ብላ እንጂ ሌላ ሴት የምትሞሸርበትን መኪና ልትገዛ አይደለም።

ስለዚህ ከፖሊሹ በፊት ስልክ ደውል። የሐዋላ ወረቀቶቹን ሰብስብ፣ ደምረው፣ ከእሷ ጋር ተስማማ። በአንዴ ካልቻልክ ከየወሩ ገቢ እየቀነስክ ለእናቷ ስጥ። ለእጮኛህም ዛሬውኑ ንገራት፤ ከሠርጉ በኋላ ከሰው አፍ ከምትሰማው ይሻላል። በስሙ መቅናቷን አልፈርድባትም። ገንዘቡን ስትሰማ ምን እንደምትል ግን እኔም ለማወቅ ጓጉቻለሁ።

አንድ ነገር ቀረ። አሁን በቦታው የእሷ ስም እንዲጻፍ ትፈልጋለች አሉ። እኔ ብሆን በሩን ባዶ እተወዋለሁ፤ ቢያንስ ቀለሙ እኩል እስኪነጣ።