አደይን ከመጭ መለየት

«አደይ አበባ ውብ፣ ደማቅና ማራኪ ነው።» ስለ መስከረም ጻፉ ሲባሉ ድርሰታቸውን በዚህ ዓረፍተ ነገር የሚጀምሩ ተማሪዎች ብዙ ናቸው። ሦስት ቅጽሎች ተደርድረዋል። ነገር ግን አደይን አይቶ የማያውቅ ሰው ይህን አንብቦ ወደ ሜዳ ቢወጣ ምን ይዞ ይመለሳል? መጭም ውብ ነው፤ መጭም ደማቅ ነው፤ በመስከረምም ያብባል። ስዕላዊ ድርሰት አንባቢውን ከነገሩ ፊት ሊያቆመው ይገባል፤ ማወደስ ብቻውን ይህን አያደርግም።

በአዲስ ዓመት ዋዜማ በአራዳ ጊዮርጊስ ዙሪያ ወይም በፒያሳ ስታልፉ፣ ከለምለሙ ሣር ጋር ከሚሸጠው አበባ አንድ እቅፍ ግዙ። ዓይናችሁ አስቀድሞ የሚያርፈው በቢጫው ላይ ነው፤ ስምንት ያህል መልካበባዎች መካከለኛውን ክብ ከበውት ታያላችሁ። ክቡን በጥፍራችሁ ብትከፍሉት ደቃቅ አበቦች ተጠጋግተው ተተክለውበታል። ዙሪያውን ያሉት መልካበባ መሳዮችም እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ አበቦች ናቸው። ስለዚህ «አንድ አበባ» የምንለው በእውነቱ የብዙ አበቦች ጉባኤ ነው። ኑግም፣ ሱፍም፣ መጭም እንዲሁ ናቸው፤ ወገናቸው አንድ ነውና።

እንግዲህ ቢጫው ካልለየልን መለያው የት አለ? በቅጠሉ ነው። የአደይ ቅጠሎች በግንዱ ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይወጣሉ፤ እያንዳንዳቸውም እንደ ላባ የተሰነጣጠቁ ናቸው። የመጭ ቅጠል ግን ያልተከፋፈለ፣ ሲዳስሱት የሚሻክር፣ ያለ ዘንግ ከግንዱ ጋር የተያያዘ ነው። (በእንቁጣጣሽ ሥዕሎች ላይ አበባው ጎልቶ ቅጠሉ ሲረሳ ሳይ ሁልጊዜ ቅር ይለኛል።)

አበባው ከረገፈ በኋላ ደግሞ ዘሩ ይመሰክራል። የዕፅዋት ሊቃውንት አደይን «ባይደንስ ማክሮፕቴራ» ይሉታል። «ባይደንስ» በላቲን ባለ ሁለት ጥርስ፣ «ማክሮፕቴራ» በግሪክ ባለ ትልቅ ክንፍ ማለት ነው፤ ጠፍጣፋው ዘር በግራና በቀኝ ስስ ክንፍ አለውና። የመጭ ዘር ክንፍ የለውም። በመንገድ ስናልፍ ልብሳችን ላይ የምትሰካው የሰይጣን መርፌም ከዚሁ ከባይደንስ ወገን ናት። የዚህን ወገን ዝርያዎች ኢትዮጵያዊው ሊቅ መስፍን ታደሰ መርምረው በ1984 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። ሕዝቡ አደይ እያለ የሚጠራው ከአንድ የሚበልጥ ዝርያ መሆኑንም ልብ በሉ።

አሁን የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር እናርመው፦ «አደይ እንደ ላባ የተሰነጣጠቁ ጥንድ ቅጠሎች፣ ስምንት ያህል ቢጫ መልካበባዎችና ክንፋም ጠፍጣፋ ዘር ያሉት፣ ክረምት ሲወጣ የሚያብብ የዱር ተክል ነው።» ውብ የሚለውን ቅጽል ከፈለጋችሁ ጨምሩበት።