ጨፋሪውን ብቻ አትቅረጹ

ውዝዋዜን በሙያ ተምረን ወደ ጥናት የገባን ሰዎች አንድ የጋራ ልማድ አለን። ሠርግ ቤትም ሆነ ጥምቀተ ባሕር ስንደርስ ዓይናችን መጀመሪያ የሚፈልገው ጎበዙን ጨፋሪ ነው። ትከሻውን እንዴት ይሰብቃል? አንገቱን ከደረቱ እንዴት ይለያል? እግሩ ከበሮውን ይከተላል ወይስ ይቀድማል? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው፤ መስታወት ፊት ቆሞ የሠለጠነ ሰው መጀመሪያ የሚመጣለት ይኸው ነው። የማኅበረሰብን ጭፈራ ማጥናት ከጀመርኩ ወዲህ ግን ከሁሉ መቅደም ያለበት ሌላ ጥያቄ እንደሆነ አምኛለሁ፤ ይህን ሰው የሚያስጨፍረው ማን ነው?

የሠርግ ድንኳን ውስጥ ያለውን እንመልከት። አውጪዋ ዜማውን ታወጣለች፤ የከበበው ሰው ይቀበላል፤ ከበሮና ጭብጨባ ይገጥማሉ። አንዱ መሃል ይገባል፤ ሌላው ፊት ለፊቱ ይቆማል። ሁለቱ እየተያዩ እስክስታውን ይወርዱታል። ጭብጨባው ሲፈጥን ትከሻቸው ይፈጥናል፤ እልልታው ሲደምቅ ጎንበስ ጎንበስ እያሉ ወደ መሬት ይወርዳሉ። ከዚያ ለተረኛ ይለቃሉ። ማን መቼ እንደሚገባ ማንም ያልጻፈው፣ ሁሉም ግን የሚያውቀው ሥርዓት አለ። የሙሽራው እናት ብቅ ሲሉ ወጣቶቹ ገለል ይላሉ። ሐዘን ላይ ያለች ዘመድ ዳር ትቆማለች፤ እሷን እጇን ይዞ ማስገባትም የማንም ሰው ድርሻ አይደለም። ዕድሜያቸው የገፋ አክስት ሁለት ሦስት ጊዜ ትከሻቸውን ነቅነቅ አድርገው ሲመለሱ፣ ሲጨፍር ከዋለው ጎረምሳ የበለጠ እልልታ ይቀልጥላቸዋል። በመድረክ መለኪያ ያ እንቅስቃሴ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በቤተ ዘመዱ መለኪያ ግን የእሳቸው ትከሻ ለጋብቻው የተሰጠ ምርቃት ነው።

የጥምቀት ሆታም እንዲሁ ነው። ታቦቱ ወደ መንበሩ ሲሸኝ ወጣቶች ዱላቸውን ከፍ አድርገው፣ ተቃቅፈውና ክብ ሠርተው፣ በአንድ ድምፅ እየዘለሉ ይጓዛሉ። የአውጪው ድምፅ ሲደክም ሌላው ይረከበዋል። ዳር ቆሞ ሲያጨበጭብ የነበረ መንገደኛ ጥቂት ቆይቶ ከመሃል ይገኛል። በተመልካችና በጨፋሪ መካከል የተሰመረ መስመር ስለሌለ፣ አጥኚ ቆሞ የሚያይበት ፊት ለፊት የሚባል ቦታም የለም። በዓሉ በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሲሰፍር የተመዘገበው ከነሕዝቡና ከነሥርዓቱ ነው። ሆታውም ከዚያ ተነጥሎ አይኖርም።

ከእኛ በፊት የነበሩት አጥኚዎች ትልቅ ውለታ ውለውልናል። ሃንጋሪያውያኑ ጂዮርጂ ማርቲንና ባሊንት ሻሮሺ እ.ኤ.አ. በ1965 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ዘፈንና ጭፈራ ሰበሰቡ፤ ማርቲንም ከሁለት ዓመት በኋላ ስለ ኢትዮጵያ የጭፈራ ዓይነቶች ጻፈ። ቲቦር ቫዳሺ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በጆርናል ኦፍ ኢትዮጵያን ስተዲስ ተከታታይ ጽሑፎችን አሳትሟል። የትኛው አካባቢ በየትኛው የሰውነት ክፍል እንደሚጨፍር በዝርዝር ለማወቅ ዛሬም ወደ እነዚህ ሥራዎች እንመለሳለን። እኔን የሚያሳስበኝ ዓይነቱን ለይቶ ማስቀመጥ የጥናቱ መጨረሻ ተደርጎ መቆጠሩ ነው። ትከሻውን በወረቀት አስፍረን ያጨበጨበውን ካልጻፍን፣ ጭፈራው ለምን እንደተጀመረና ለምን እንደቆመ የሚነግረንን ክፍል ጥለነዋል።

መድረካችንም በዚህ ረገድ ሊታሰብበት ይገባል። ሀገር ፍቅር ከ1927 ዓ.ም.፣ ብሔራዊ ቴአትር ከ1948 ዓ.ም. ጀምሮ የየአካባቢውን ጭፈራ ለማያውቀው ሕዝብ አስተዋውቀዋል፤ እኔን የመሰለውን ተማሪ ያፈራውም ይኸው መድረክ ነው። ነገር ግን ተመልካች በአንድ በኩል ሲቀመጥ ክቡ የግድ ይከፈታል። ጨፋሪዎች ተሰልፈው ፊታቸውን ወደ አዳራሹ ያዞራሉ፤ ሌሊቱን የሚዘልቀው ጭፈራ በደቂቃዎች ይመጠናል፤ የሁሉም ትከሻ በአንድ ቆጠራ ይነሣል። ይህ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ችግሩ የሚመጣው ተማሪ መድረኩን ትክክለኛው፣ መንደሩን ደግሞ ያልታረመው አድርጎ ሲያይ ነው። መንደር ውስጥ ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት እስክስታ አለመውረዳቸው ጉድለት አይደለም፤ እያንዳንዱ በራሱ ትከሻ እንዲታወቅ ክቡ የሚሰጠው ነፃነት ነው።

ጭፈራና ባለቤቱ ሀገር ሲለውጡ ምን እንደሚሆን ለማየት እስራኤልን እጠቅሳለሁ። የዳንስ ተመራማሪዋና ኮሪዮግራፈሯ ሩት ኤሼል እ.ኤ.አ. በ1995 በሐይፋ ዩኒቨርሲቲ ከቤተ እስራኤል ወጣቶች ጋር «እስክስታ» የተባለውን የዳንስ ቡድን፣ በ2005 ደግሞ «ቤታ»ን መሠረተች። ለመድረክ አዲስ ሥራ ስትፈጥር በዚያው ልክ የማኅበረሰቡን በዓላትና የቄሶቹን የጸሎት እንቅስቃሴ እየተከታተለች መዝግባለች። ከዚህ የምወስደው ትምህርት አዲስ መፍጠርና ባለቤቱን መጠየቅ እንደማይጣሉ ነው። ወጣቱ የአያቱን ትከሻ በአዲስ ሥራ ውስጥ ሊያገኘው የሚችለው፣ ከሁሉ አስቀድሞ አያቱን የጠየቀ ሰው ሲኖር ነው።

በመስክ የተማርኩትን ለጓደኞቼ በአጭሩ ላስቀምጥ። «እስቲ አሳዩን» ብለን ስንጠይቅ የሚሰጠን ናሙና ነው፤ ሰዎቹ ለእንግዳ ክብር ሲሉ ያሳጥሩታል፣ ያሳምሩታልም። ስለዚህ ጭፈራው በራሱ ቀን ሲመጣ መገኘት ይሻላል። ካሜራው ከጨፋሪው ትከሻ ራቅ ብሎ የሚቀበሉትን፣ የሚያጨበጭቡትንና ዳር የቆሙትን መያዝ አለበት። በማስታወሻችን ላይ ከእንቅስቃሴው ጎን ዝምድናው ይጻፍ፤ ማን ማንን ጎትቶ አስገባ? ማን ለማን ለቀቀ? የቀረጽነውንም ለባለቤቶቹ መልሰን እናሳይ። ፊልሙን ሲያዩ ስለ ትከሻ አነሣሥ የሚያወሩት ጥቂት ነው። ይህቺ አውጪ ዜማውን የተቀበለችው ከእገሊት ነው፣ ያ ሰው ከተጣላው ዘመዱ ጋር የታረቀው ያን ዕለት ነው ይላሉ። የጥናቱ እምብርት ያለው እዚያ ወሬ ውስጥ ነው።

ይህ ሥራ ለአጥኚዎች ብቻ የሚተው አይደለም። በየቤታችን የሠርግና የክርስትና ካሴቶች፣ በየስልካችንም አጫጭር ቪዲዮዎች አሉ። ወላጆቻችሁ በሕይወት ሳሉ ከእነሱ ጋር ተቀምጣችሁ ካሴቶቹንና ቪዲዮዎቹን እዩ፤ ቦታውን፣ ዓመቱን፣ የአውጪዋንና የከበሮ መቺውን ስም ጠይቃችሁ ጻፉ። የጥበብ ትምህርት ቤቶቻችንም ተማሪን በመድረክ ሥራው ብቻ ሳይመዝኑ፣ ከአንድ ማኅበረሰብ ጋር ተቀምጦ ጭፈራውን ከነባለቤቶቹ መዝግቦ እንዲመጣ ያድርጉ። በሚቀጥለው ሠርግ ላይ ስልካችሁን ስታወጡ ደግሞ አደራ፣ መጀመሪያ የሚያጨበጭቡትን ቅረጹ።