ተጨማሪ መረጃ፦ ማን ጠራው?

ኦፕንኤስኤስኤች የተባለው የርቀት መግቢያ ፕሮግራም ሊብኤልዚኤምኤ የሚባለውን የመረጃ መጭመቂያ ላይብረሪ አይፈልገውም። ይሁንና ደቢያንና ፌዶራ የተባሉት የሊኑክስ ስርጭቶች፣ አገልግሎቱ መነሳቱን አገልግሎቶችን ለሚያስተዳድረው ሲስተምዲ እንዲያሳውቅ ብለው ሊብሲስተምዲ ከተባለው ላይብረሪ ጋር አያያዙት፤ እሱ ደግሞ ሊብኤልዚኤምኤን አስከትሎ ገባ። የሶፍትዌር መሐንዲሱ አንድሬስ ፍሮይንድ በሊብኤልዚኤምኤ ውስጥ ተደብቆ ወደ መግቢያው የሚደርስ የተንኮል ኮድ ማግኘቱን መጋቢት 20 ቀን 2016 ዓ.ም. ይፋ አደረገ። ፍንጩ መግቢያው ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ ነበር። ይህችን ታህል መዘግየት ችላ አለማለቱ በእውነት ያስደንቃል!

እንዲህ ያለውን ጥገኝነት ስንፈልግ ኤልዲዲ የተባለው ትእዛዝ በተዘዋዋሪ የመጡትንም ይዘረዝራል፤ ማን ማንን እንደጠራ ግን አይለይም። ለዚህ ሪድኤልፍ ይሻላል፦ እያንዳንዱ ፋይል በቀጥታ የጠራቸውን ብቻ ስለሚያሳይ ሰንሰለቱን ቀለበት በቀለበት መከተል ይቻላል።